የሳን ኦኖፍሬዋ ማርያም የጠፋች ሰሞን

ማክሰኞ ጠዋት፣ የመጀመሪያዎቹ ጎብኚዎች ገና ሳይመጡ፣ ዶኛ ግራስዬላ የጸሎት ቤቱን መጋረጃ ገለጠችና ጮኸች። ጩኸቷ በረጃጅሞቹ የእስር ቤት ግንቦች መካከል እየተጋጨ ቁልቁል ወረደ፤ ባሕሩ ዳር ጀልባውን በሳሙና የሚያጥበው ዊልበርት እንኳ ሰምቶ ባልዲውን እንደያዘ ቀረ።

ከመጋረጃው ጀርባ፣ የዱሮ እስረኞች ጠርበው የሠሯት የሳን ኦኖፍሬዋ ማርያም የቆመችበት መንበር ባዶውን ነበር።

ኢንስፔክተር ግሬይቪን ኦባንዶ ከወደቡ ከተማ ተጠርቶ ደሴቷ ላይ ሲደርስ ረፍዷል። ደገኛ ነው፤ ባሕር አይስማማውም። ያሻገረው ያው ዊልበርት ነበርና ክንዱን ደግፎ ሲያወርደው፣

«ቀስ ብለው ይርገጡ ጌታዬ» አለው። «ማርያምን ሳናገኝ እርስዎንም እንዳናጣ።»

«መሬቱ ይወዛወዛል እንዴ?»

«መሬቱ ደህና ነው። እርስዎ ነዎት።»

ጸሎት ቤቱ በር ላይ ዶኛ ግራስዬላ እጇን እያፍተለተለች ትጠብቀው ነበር። እስር ቤቱ ተዘግቶ ሙዚየም ከሆነ ብዙ ዘመኑ ነው፤ እሷ ግን ኃላፊ ተደርጋ ከዋና ከተማው ከሳን ሆሴ ከመጣች ዓመት አልሞላትም። አጠገቧ የደሴቷ ብቸኛ ፖሊስ ሳጅን ጄይነር ቆሟል።

«ቅዳሜ እኮ በዓሏ ነው!» አለች ዶኛ ግራስዬላ ሰላምታም ሳትሰጥ። «ጀልባዎቹ በሙሉ በወረቀት አበባ ተሸልመው ሊቀበሏት ነው። ከየመንደሩ ሕዝብ ይመጣል። ምን ልንሸከም ነው?»

«መጨረሻ የነበረችው መቼ ነው?»

«እሁድ ከሰዓት በኋላ። የደሴቷ ሰው ሁሉ እዚህ ተንበርክኮ ጸልዮላታል። ሰኞ ለጎብኚ ዝግ ነን። ዛሬ ለአዲሱ ማስታወቂያ ፎቶ ላነሳት ብዬ ገለጥኩት።»

«በሩስ?»

«አልተሰበረም። ማታ ማታ ይቆለፋል። ቁልፉ ያለው እኔ ጋና አስጎብኚያችን ዶን ሊሲማኮ ጋ ብቻ ነው።»

ኦባንዶ ወደ መንበሩ ቀረበ። «ክብደቷ ምን ያህል ይሆናል?»

«እሱን እኔን ይጠይቁኝ» አለ ሳጅን ጄይነር ትከሻውን እያሻሸ። «አራት ወንዶች ነን የምንሸከማት። በበዓሏ ማግስት ሚስቴ ናት ሸሚዝ የምታለብሰኝ።»

«ስለዚህ አንድ ሰው አልወሰዳትም።»

«አንድ ሰው? አንድ ሰው ክንዷንም አያነሳ!»

በመንበሩ ሥር ያለውን መሳቢያ ኦባንዶ ሳበው። ሰማያዊው የሐር ልብስ ተጣጥፎ ተቀምጧል፤ አንድም መጨማደድ የለበትም። መርፌ ቁልፎቹ ነጭ ጨርቅ ላይ በመጠን በመጠናቸው ተሰክተዋል። ረጅሙ ጸጉሯ በስስ ወረቀት ተጠቅልሏል። ከሁሉ በላይ የብር ዘውዷ ጫፉን እያብለጨለጨ ተቀምጧል።

ሳጅን ጄይነር ልብሱን ሲያይ ፊቱን አዞረና አማተበ። «ራቁቷን ነው የወሰዷት» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

ኦባንዶ ሌላ ነገር ነበር የሚያስበው። ይሄ ምን ዓይነት ሌባ ነው? ሊሸጥ የሚችለውን ዘውድ ትቶ፣ ማንም ሊገዛው የማይደፍረውን ምስል የሚወስድ! ደግሞስ የትኛው ሌባ ነው ልብስ የሚያጣጥፍ?

ጎንበስ ሲል መንበሩ ወለል ላይ ደቃቅ ነገር አየ። እንደ ጤፍ የደቀቀ፣ ቡናማ። በጣቱ አሸው።

«አሸዋ ነው» አለ ጄይነር። «የባሕር ነፋስ የማያመጣው የለም።»

ኦባንዶ ጥቂቱን በወረቀት ቋጥሮ ኪሱ ከተተው። ከዚያ ጎን ያለችውን ጠባብ ክፍል አየ፦ መጥረጊያ፣ የሻማ ፍርፋሪ፣ በቀጫጭን እንጨት የተበጀ ወደ ላይ ሾጠጥ ያለ የሸርጣን ወጥመድ፣ ወጥመዱ ላይ የተቀመጠ የአበባ ማሰሮ። የሚፈለግ ነገር አልነበረም። ወጥመዱን በእግሩ ገፋ አድርጎ ወጣ።

ዶን ሊሲማኮን ያገኘው ከግቢው ዛፍ ሥር ተቀምጦ ጥሬ ማንጎ በጨው ሲበላ ነው። ሰባ ሦስት ዓመቱ ነው፤ ቀጭን፣ ቀጥ ያለ፣ ሸሚዙ እስከ አንገቱ የተቆለፈ። የቁልፎቹ ዘለበት ከቀበቶው ላይ ይንጠለጠላል።

«ቁጭ በል ልጄ» አለው። «ማንጎ ብላ። ጨው ለባሕር ሕመም ጥሩ ነው። ዊልበርት ነግሮናል።»

«ዊልበርት ምን ያልነገራችሁ ነገር አለ?»

«የጫማህን ቁጥር።»

ኦባንዶ ተቀመጠ። «ዶን ሊሲማኮ፣ እሁድ ማታ ከጸሎቱ በኋላ የት ነበሩ?»

«ደሴቷ ላይ።»

«ደሴቷ ላይ የት?»

«ደሴቷ እኮ ትንሽ ናት። የትም ብሆን እዚሁ ነኝ።»

«ቤትዎ አልነበሩም። ጎረቤትዎ አንኳኩታ አጥታዎታለች።»

ሽማግሌው ማንጎውን አኘከ። ቀስ ብሎ አኘከ።

«እዚህ ታስረው ነበር አሉ።»

«አሉ? እኔው ነኝ በየቀኑ ለጎብኚ የምናገረው። አንተ መግቢያ ስላልከፈልክ አሳጥሬ ልንገርህ። በአሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ከአንድ ቤተ ክርስቲያን የብር ዘውድ ሰረቅሁ። አሥራ አንድ ዓመት ፈረዱብኝ። አሥራ አንዱንም እዚህ ጨረስኩ።»

«ማርያምስ? ያኔም ነበረች?»

«እኔ ስመጣ ከእኔ በፊት ታስራ አገኘኋት።» ፈገግ አለ፤ ፈገግታው ግን አልቆየም። «ስማኝ ልጄ። ምን እንደምታስብ አውቃለሁ። ሌባ፣ ቁልፍ ያለው፣ የት እንዳደረ የማይናገር። እኔም ፖሊስ ብሆን ራሴን እይዝ ነበር። ግን አንድ ነገር እለምንሃለሁ። የምትይዘኝ ከሆነ እውነቱን አግኝተህ ያዘኝ። በዚህ ዕድሜዬ በስህተት ከገባሁ፣ ስህተቱ እስኪታረም አልቆይልህም።»

«ታዲያ የት እንደነበሩ ይንገሩኛ!»

«እሱን አልችልም።»

«ለምን?»

«ሌላ ሰው ስለሚነካ።»

ከዚህ በኋላ ማንጎ አቀረበለት እንጂ ሌላ ቃል አልጨመረለትም።

እኩለ ቀን ላይ ዶኛ ግራስዬላ አዲስ ወሬ ይዛ መጣች። ሰኞ ማለዳ የዊልበርት ጀልባ ማንም በማይጠቀምበት አሮጌው መቆሚያ ታስሮ ታይቷል። አሮጌው መቆሚያ ደግሞ ለጸሎት ቤቱ ቅርብ ነው።

ኦባንዶ ወርዶ ጀልባውን አየው። ከወለሉ እስከ ጠርዙ በሳሙና ተፈትጓል። የዓሣ አጥማጅ ጀልባ እንዲህ ንጹሕ ሲሆን አይቶ አያውቅም።

«ሞተሩ ተበላሽቶብኝ ነው እዚያ ያሰርኩት» አለ ዊልበርት።

«ቅድም አላስቸገረህም።»

«ቅድምማ እርስዎን ፈርቶ ነው።»

«ዊልበርት!»

«ሞተር ነው ጌታዬ። እንደ ሰው ነው። አንዳንዴ ይከፋዋል።» ዓይኑን ግን ከባሕሩ ላይ አላነሳም።

ኦባንዶ ወደ ወደቡ ስልክ ደወለ። ዐቃቤ ሕጉ አዳመጠውና ጊዜ አላባከነም፤ ቁልፍ ያለው፣ በቤተ ክርስቲያን ስርቆት የተፈረደበት፣ የት እንዳመሸ የማይናገር ሰው። በማታው ጀልባ ይምጣ አለ። እስከዚያ ይቆለፍበት።

«የት ነው የምንቆልፍበት?» አለ ሳጅን ጄይነር። «ቢሮዬ በር የለውም፤ ምስጥ በልቶት አውልቄዋለሁ።»

«እስር ቤት እኮ ነው ያለነው» አለች ዶኛ ግራስዬላ።

ሌላ ቀን ቢሆን ያስቅ ነበር። ማንም አልሳቀም።

በሁለተኛው ሕንፃ ውስጥ አንድ ክፍል መቆለፊያው ይሠራል። ለጎብኚ የሚታየውም እሱ ነው። ኦባንዶ ወንበርና ውኃ አስገባ፣ ካቴና ግን አላስገባም። ሊሲማኮ የቁልፎቹን ዘለበት ከቀበቶው ፈትቶ ለጄይነር ሰጠው። ደፉ ላይ ሲደርስ እጁ ብረቱን ያዘ።

«ዶን ሊሲ፣ ወይኔ እኔን» አለ ጄይነር። «ይቅር ይበሉኝ።»

«ዝጋው በቃ» አለ ሽማግሌው። «ዓይኔን ስጨፍን ዝጋው።»

በሩ ሲዘጋ የወጣውን ድምፅ ኦባንዶ አልወደደውም። ወዲያው ደግሞ የጎብኚዎች ቡድን በበረንዳው ብቅ አለ፤ ሰፊ ባርኔጣ ያደረገች ሴት ስልኳን አውጥታ፣

«ወይ ጉድ! የእውነት ሰው አስገብተዋል!» አለችና ፎቶ አነሳች።

ኦባንዶ ውጭ ወጥቶ ግንቡ ጥላ ሥር ቆመ። የምግብ ቤቷ ሴት ሩዝና ባቄላ በተጠበሰ ዓሣ ሰጥታው ነበር፤ አልበላለት አለ። ከጀርባው የእግር ኮቴ ሰማ። ዊልበርት ነው፤ ቀልዱን የሆነ ቦታ ጥሎት የመጣ ይመስላል።

«እኔ ጋ ነበር» አለ።

«ማን?»

«ዶን ሊሲ። እሁድ ማታ። ከጸሎቱ በኋላ ባሕር ወጣን። ወሩ ማጥመድ የተከለከለበት ወር ነው፣ እርስዎም ያውቃሉ። ልጆቼ ግን ወሩን አያውቁትም፣ ይርባቸዋል። ሽሪምፕ ነው ያጠመድነው። እሱ መረብ ሳበልኝ፤ ሊነጋጋ ሲል በአሮጌው መቆሚያ አወረድነው። ሽታው እንዳይቀር ጀልባዬን አጠብኩ።»

«ለምን እስካሁን ዝም አልክ?»

«ከተያዝኩ ጀልባዬን ይወስዱታላ። እሱም ለዚህ ብሎ ነው አፉን የዘጋው። አሁን ግን አየሁት። እዚያ ውስጥ ቁጭ ብሎ…» እጁን ወደ ሕንፃው ዘረጋ። «ጀልባውን ይውሰዱት። ይክፈቱለት።»

«ዊልበርት፣ አንተን ባምንህ ደስ ይለኛል። አምኜሃለሁም። ግን ይህን ለዐቃቤ ሕጉ ብነግረው ምን ይለኛል መሰለህ? ቁልፍ ያለው አንድ ሰው፣ ጀልባ ያለው አንድ ሰው፣ አብረው ያደሩ፣ ያጠቡ። አንድ እስረኛ ነበረኝ፣ ሁለት አደረግህብኝ።»

ዊልበርት እጁን በራሱ ላይ ጫነ። «ማርያምን! እኔ እሷን? እሁድ እኮ ተንበርክኬ ለሞተሬ ስለት ተስያለሁ!»

«እሁድ አይተሃታል?»

«እንዴታ!»

«ምን ለብሳ ነበር?»

ዊልበርት እጁን ከራሱ ላይ አወረደ።

«መጋረጃው… መጋረጃው እኮ ዝግ ነበር።»

«ምን ማለት ነው ዝግ ነበር?»

«ከበዓሏ በፊት ባለው ቅዳሜ ይዘጋል። በበዓሏ ጠዋት አዲስ ልብስ ለብሳ እስክትወጣ ማንም አያያትም። እኛ የምንጸልየው ለመጋረጃው ነው። የገለጠችው ዶኛ ግራስዬላ ናት፣ ከሳን ሆሴ ስለመጣች። የዚህ ሰው እጁን ቢቆርጡት አይነካውም።»

ኦባንዶ ከግንቡ ተላቀቀ። ቀኑን ሙሉ ሰውን ሁሉ ስለ እሁድ ማታና ስለ ሰኞ ሲጠይቅ ውሏል። እሁድ ደሴቷ በሙሉ ተንበርክካ ነበር፤ በባዶ መንበር ፊት ሊሆን ይችላል።

«ቅዳሜ መጋረጃውን የዘጋው ማነው?»

«ዶኛ ኦዲሊ ናታ። የምታለብሳት እሷ ናት፤ ከእሷ በፊት እናቷ ነበረች። ሌላ ሰው አይገባም። ወንድማ ጨርሶ! ሲያለብሷት ያየ ወንድ ዓይኑ ይጠፋል ይላሉ።»

«አሁን የት ናት?»

«ማዶ፣ እህቷ ዘንድ። ቅዳሜ መጋረጃውን ዘግታ እንደወጣች እኔው ነኝ ያሻገርኳት።»

«ምን ይዛ ነበር?»

«ቅርጫት። የዶሮ ቅርጫት። ልቀበላት ብል እጄን ጠፈጠፈችኝ። መንገዱን ሙሉ ጭኗ ላይ እንደ ሕፃን አቅፋው ሄደች።»

«ማርያም እዚያ ቅርጫት ውስጥ ትገባለች?»

በዚያ ሁሉ ጭንቀት መሃል ዊልበርት ሳቀ። «አራት ወንድ የሚሸከማት? አንድ እግሯም አይገባ!»

ኦባንዶ ከኪሱ ወረቀቱን አውጥቶ ፈታው። የደቀቀውን ነገር እንደገና በጣቱ አሸው። አሁን የት እንደሚያውቀው ትዝ አለው፤ ደጋ፣ እናቱ ቤት፣ ከአሮጌው ቁም ሣጥን ሥር ጠዋት ጠዋት የሚጠርገው። ጄይነር ቅድም ስለ ቢሮው በር ሲያወራ እንኳ አልነቃም ነበር። እንጨት የሚበላ ምስጥ የሚያራግፈው ነው። ከታመመ እንጨት የሚወርድ ነው።

ሌባ አያጣጥፍም። የዚህ አገር ወንድ ደግሞ ልብሷን አያወልቅም። የቀረው አንድ ዓይነት ሰው ብቻ ነው። አራቱ ወንድና ቅርጫቱ አልገጠሙለትም፤ ግን እሱን ደርሶ ይጠይቃል።

«ሞተርህ ከፍቶታል ወይስ ታርቋል?»

«ታርቋል ጌታዬ!»

«አስነሳው።»

የዶኛ ኦዲሊ እህት ግቢ ከባሕሩ ጥቂት ከፍ ብሎ ነው። ኦባንዶ አጥሩን ሲያልፍ በመጀመሪያ ያገኘው ሽታ ነው፤ ላምባ። ከሁለት ዛፍ መሃል አንሶላ ተወጥሯል፤ ከአንሶላው ጀርባ ሰው ይንቀሳቀሳል።

«ዶኛ ኦዲሊ?»

«ቁም!» የሚል ድምፅ መጣ። «አንዲት እርምጃ እንዳትጨምር! ዞር በል!»

ኦባንዶ ሃያ ዓመት በፖሊስነት ሲያገለግል ብዙ ሰው ብዙ ነገር ብሎታል፤ ዞር በል ያለው ግን አልነበረም። ቢሆንም ዞረ። ዊልበርትማ ሳይነገረው ከዞረ ቆይቷል። ሁለቱ ጎን ለጎን ቆመው የአሳማውን በረት ያያሉ።

«ኢንስፔክተር ኦባንዶ እባላለሁ እሜቴ። ከምርመራ ፖሊስ ነው የመጣሁት።»

«ከጀርባህ ሳይህ ደህና ሰው ትመስላለህ። እንዲሁ ቆይ።»

«እዚያ ያለችው እሷ ናት?»

አሳማው አጉረመረመ።

«ታማለች» አለች ዶኛ ኦዲሊ በመጨረሻ።

«ምስጥ።»

«ማን ነገረህ?»

«ወለሉ ላይ አየሁት።»

ረጅም ትንፋሽ ሰማ። «እንግዲያው ታውቃለህ። ባለፈው ሳምንት አዲሱን ልብስ ስለካት ከጆሮዋ በስተጀርባ ቀዳዳ አገኘሁ። ጣቴን ባሳርፍበት ጉንጯ ደረመስ አለብኝ። እኔ ላይ የወረደውን አታውቀውም! ዶኛ ግራስዬላ ከበዓሉ በኋላ ሳን ሆሴ ሄዳ ትመርመር እያለች ነው። ይህን ምስጥ ካየችማ ዕለቱን ነው የምትልካት። የኛን ቅድስት አናን ወስደዋት ነበር። ትጠገናለች ብለው። እናቴ እሷን ስትጠብቅ ሞተች።»

«ስለዚህ ራስዎ ሊያክሟት አመጡ።»

«በመርፌ ነው ላምባውን የምወጋት፣ ቀዳዳ በቀዳዳ። ከዚያ በጨርቅ እጠቀልላለሁ። ዓርብ መልሼ፣ አልብሼ፣ ቅዳሜ ትወጣ ነበር። መጋረጃውን ማን ይነካል? ማንም! ስንት ዘመን ማንም ነክቶት አያውቅም!»

«ዘንድሮ ተነካ።»

«ያቺ ልጅ!» አለች ዶኛ ኦዲሊ።

«ያልገባኝ አንድ ነገር ነው። አራት ወንድ የሚሸከማትን እርስዎ በቅርጫት እንዴት አመጧት?»

ከአንሶላው ጀርባ ሳቅ መጣ፤ አሮጊት ሴት እጇን አፏ ላይ አድርጋ የምትስቀው ሳቅ።

«ዊልበርት!»

«አቤት እሜቴ!»

«ባሕሩ ድረስ ውረድ። ጆሮህንም ይዘህ ውረድ።»

ዊልበርት ወረደ። ዶኛ ኦዲሊ ቀርባ፣ አሁንም ኦባንዶ እንዳይዞር ትከሻውን በጣቷ ይዛ፣ በሹክሹክታ ተናገረች።

«ሰውነት የላትም።»

«እንዴት?»

«ጭንቅላትና ሁለት እጅ። በቃ። እነዚያ እስረኞች ያገኙት ጥሩ እንጨት ያችን ታህል ነበረች፤ ፊቷን ጠረቡ፣ እጆቿን ጠረቡ፣ አለቀባቸው። ከልብሱ በታች ያለው የቀጫጭን እንጨት ቀፎ ነው። ቀሚሱን የሚሞላው አየር ነው ልጄ!»

«ታዲያ ክብደቱ…»

«የመሸከሚያው ነዋ! ያ የተረገመ ጠንካራ እንጨት። ዓመት በመጣ ቁጥር እነጄይነር ሲያቃስቱ፣ እመቤቴ ዘንድሮ ጨመረች ሲሉ፣ ከንፈሬን ነክሼ ነው የማልፈው። ምን ልበላቸው? ሴት ልጅ ከልብሷ በታች ያለው ለወንድ ይነገራል? እናቴ ለእኔ ነገረችኝ፣ እኔ ለማንም አልተናገርኩም። አንተንም ፖሊስ ስለሆንክ ነው።»

ኦባንዶ ፊቱ ሲግል ተሰማው። «ቀፎው… ጎን ያለው ክፍል ውስጥ፣ የአበባ ማሰሮ የተቀመጠበት ነው?»

«እሱ ነው። አበባ ያደረግሁበት ማንም እንዳይጥለው ብዬ ነው። ምነው?»

«የሸርጣን ወጥመድ መስሎኝ ነበር» አለ። በእግሩ እንደገፋው ግን አልተናገረም።

አሮጊቷ እንደገና ልትስቅ ስትል ቀደማት።

«እሜቴ፣ ዶን ሊሲማኮ ታስሯል።»

«ማን?»

«ሰረቃት ተብሎ። አሁን እስር ቤቱ ውስጥ ተቆልፎበት ተቀምጧል። በማታው ጀልባ ወደ ከተማ ሊወሰድ ነው።»

ጣቷ ከትከሻው ላይ ወረደ። «ሊሲማኮ? ያ ምስኪን? እዚያ ውስጥ?» ከዚያ ድምፅዋ ግቢውን ሞላው። «እና እኔን ስለ ቀፎ ታስለፈልፈኛለህ? መጀመሪያ የሚነገረውን መጨረሻ የምትናገር፣ አንተ ደገኛ!»

ጨርቅ ሲጠቀለል፣ ቅርጫት ሲነሳ ሰማ።

«ደርቃለች?» አለ ኦባንዶ።

«አልደረቀችም። ከነላምባዋ ትሄዳለች። እሷም ብትሆን እሱ ታስሮ አትተኛም።»

«ልዙር?»

«ክዳኑን ልግጠም። አሁን ዙር።»

ዞሮ አያት። አጭር፣ ሰፊ ሴት ናት፤ ዓይኗ በእንባ ሞልቷል፤ የዶሮ ቅርጫት በደረቷ አቅፋለች።

ጀልባው ውስጥ ዊልበርት ምንም አልጠየቀም። ቅርጫቱን አንዴ አየና ቆቡን አወለቀ፤ ከዚያ ሞተሩን እስከ መጨረሻው ለቀቀው። ኦባንዶ ስልኩ ኔትወርክ ሲያገኝ ለዐቃቤ ሕጉ ደወለ።

«ተገኝታለች። አልተሰረቀችም። ለጥገና ወጥታ ነው።»

«በማን ትእዛዝ?»

«በልብሷ ኃላፊ።»

«የልብስ ኃላፊ ያንን የሚያህል ነገር እንዴት አወጣችው?»

ኦባንዶ ዶኛ ኦዲሊን አየ። ዶኛ ኦዲሊ ቅርጫቱን ጠበቅ አደረገች።

«በጥንቃቄ» አለ ኦባንዶ፣ ስልኩንም ዘጋው።

ዶኛ ግራስዬላ መቆሚያው ላይ ነበረች። ዶኛ ኦዲሊ ከጀልባው እንደወረደች እጇን ያዘቻት። «ነይ ልጄ። ሴት ነሽ፣ ይገባሻል። ብታለቅሺም እዚያ ሆነሽ ነው፤ ከመጋረጃው ጀርባ።» ወጣቷ ኃላፊ ተከተለቻት። በኋላ እንደተሰማው፣ ከሳን ሆሴ መጥቶ የሚያያት ባለሙያ እዚሁ ደሴቷ ላይ ይያት፣ ሴት ባለሙያ ከተገኘች ግን ይበልጣል ተባብለው ነው የወጡት።

ኦባንዶ ግን ይህን ለመስማት አልቆመም። ከጄይነር እጅ ቁልፉን ነጥቆ ሁለተኛው ሕንፃ ገባ።

ጎብኚዎቹ በረንዳውን ሞልተውታል። ሊሲማኮ ወንበሩን ወደ ብረቱ አስጠግቶ ተቀምጧል፤ ድምፁ ሰልሏል፣ ሸሚዙ በላብ ርሷል፣ የእስር ዘመኑን ግን ለጎብኚዎቹ እየተረከላቸው ነው። ዝም ካለ ግድግዳው እንደሚቀርበው ሰው ነበር የሚናገረው። ኦባንዶን ሲያይ ቃሉን በመሃል ቆረጠ። መጀመሪያ ያየው ፊቱን አልነበረም፤ እጁን ነበር፣ ካቴና ይዞ እንደሆነ።

«ተገኘች?»

«ተገኘች። ታማ ነበር። ሐኪም ዘንድ ነበረች።»

ሽማግሌው ዓይኑን ጨፈነ። «ዊልበርትስ?»

«ዊልበርት ሞተሩ ተበላሽቶበት ነበር» አለ ኦባንዶ። «እንደሱ ብሎኛል፤ እኔም ጽፌዋለሁ።»

ቁልፉ አንዴ ተንገራገጨ፣ ሁለተኛው ላይ ዞረ። ሊሲማኮ ተነሳ፤ ኦባንዶ ብብቱ ሥር ገብቶ ያዘው። እንደዚያ ተደጋግፈው ከደፉ ሲያልፉ የሽማግሌው ልብ ሲመታ በራሱ ጎን ላይ ተሰማው። ጎብኚዎቹ ትርኢት መስሏቸው አጨበጨቡ። ጄይነር ከኋላ ቆሞ በሸሚዙ እጅጌ ፊቱን ይጠርጋል።

ባርኔጣ ያደረገችው ሴት ስልኳን ከፍ አደረገች። «ቆይ ቆይ፣ ታሪኩ እኮ አላለቀም! በመጨረሻ እንዴት ወጡ?»

ሊሲማኮ ቀና ብሎ ቆመ። ወደ ውጭው ብርሃን አየ፣ ወደ ሴትዮዋ አየ።

«አልቋል እንጂ የኔ እመቤት» አለ። «በሩን ከፈቱልኝ፣ ወጣሁ። አሁን ይቅርታ ያድርጉልኝና መንገድ ይልቀቁልኝ፤ እዚያ ከገባሁ ጀምሮ ሽንቴን ይዤ ነው።»

በረንዳው በሳቅ ፈነዳ፤ ሰዉ ለሁለት ተከፈለለት። ዶን ሊሲማኮ የኢንስፔክተሩን ክንድ ለቀቀና፣ እየሳቀ፣ ለሰባ ሦስት ዓመት ሰው በማይገባ ፍጥነት ወደ ግቢው ወጣ።